የድባቴ መድኃኒት፦ ጉዳቱ ቀድሞ፣ ጥቅሙ ዘግይቶ የሚመጣው ክኒን ታሪክ



ስለ ድባቴ (ብዙዎቻችሁ ድብርት ስለምትሉት ሕመም) በጻፍኩ ቁጥር በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። «ክኒኑ ሱስ ያስይዛል ወይ?» «ልጄ አንዴ ከጀመረው ዕድሜ ልኩን ሊውጠው ነው?» «ዶክተር፣ ይሄ የእብድ መድኃኒት አይደለም እንዴ?» ለእያንዳንዱ በአንድ መስመር «አይ» ብዬ መመለስ እችላለሁ፤ ግን «አይ» ብቻ ማንንም አሳምኖ አያውቅም። ስለዚህ ዛሬ መድኃኒቱ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ጥቅሙም ጉዳቱም እንዴት እንደታወቀ የተረዳ ሰው፣ የራሱንም ሚዛን ለመያዝ አይቸገርም።

ዓመተ ምሕረቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እላለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በሳንባ ነቀርሳ ክፍል ውስጥ ነው። በ1952 ኒው ዮርክ፣ ስታተን አይላንድ ላይ ባለው ሲ ቪው ሆስፒታል ሁለት አዳዲስ የቲቢ መድኃኒቶች ይሞከሩ ነበር። አንዱ አይሶኒያዚድ ይባላል። በስም ባታውቁት እንኳ በቤታችሁ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬም በጤና ጣቢያ የቲቢ ሕሙማን በየቀኑ ከሚወስዷቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። ሁለተኛው የእሱ የቅርብ ዘመድ የሆነው አይፕሮኒያዚድ ነበር። ሞታቸውን ሲጠባበቁ የነበሩ ሕሙማን የምግብ ፍላጎታቸው ተመለሰ፤ ሳቁ፤ ሲጨፍሩ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ሳይቀር በመጽሔት ወጣ። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ይህን የደስታ ነገር እንደ ጎንዮሽ ጉዳት ነበር የቆጠሩት። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1957፣ ናታን ክላይን የተባለ የአእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ቲቢ ለሌለባቸው በድባቴ ለተያዙ ሰዎች መስጠቱን አስታወቀ። ለድባቴ የሚሆን የመጀመሪያው ክኒን የተገኘው እንዲህ፣ ከሌላ በሽታ መድኃኒት የጎንዮሽ ውጤት ነው።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። መድኃኒቱን ከወሰዱት አንዳንዶቹ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፤ ጉበታቸው ተጎዳ። በ1961 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። ከዚያው ቤተሰብ የሆኑ ሌሎች መድኃኒቶች ግን ቀጠሉ። አንድ እንግሊዛዊ ፋርማሲስት ሚስቱ ከእነዚህ አንዱን እየወሰደች አይብ በበላች ቁጥር ከባድ ራስ ምታት እንደሚይዛት አስተዋለና ጻፈ። መጀመሪያ ላይ ነገሩን ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም። ባሪ ብላክዌል የተባለ ወጣት ሐኪም ነው በኋላ ተከታትሎ በ1963 ያሳተመው፤ ብዙ ጊዜ የቆየ አይብ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ከመድኃኒቱ ጋር ሲገናኝ የደም ግፊትን በድንገት ያሻቅባል። (ዛሬ በእኛ ጤና ጣቢያዎች የሚታዘዙት የድባቴ መድኃኒቶች ከዚህ ቤተሰብ አይደሉም፤ ስለዚህ አይባችሁን ከነጎመኑ በሰላም ብሉ።)

ይህን የፋርማሲስቱን ሚስት ነገር በማለፍ አልነገርኳችሁም። የዚህ መድኃኒት ጥቅምም ጉዳትም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የታየው በሕመምተኛው ወይም አብሮት በሚኖር ሰው ነው። ሐኪሙ የሰማው ቆይቶ ነው።

ሁለተኛው መስመር ከስዊዘርላንድ ይመጣል። ሮላንድ ኩን የተባለ ሐኪም ሙንስተርሊንገን በሚባል ቦታ ባለ የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ ጋይጊ የተባለው ኩባንያ የላከለትን አዲስ ቅመም ለስኪዞፍሬንያ ሞከረው፤ አልሠራም። በ1956 በከባድ ድባቴ ለተያዙ ሕሙማን ሲሰጠው ግን ከቀናትና ከሳምንታት በኋላ መናገር፣ መብላት፣ መተኛት ጀመሩ። ይህ ኢሚፕራሚን ነው። ኩን ለረጅም ጊዜ እንደ ጀግና ሲወደስ ኖረ። በ2019 ግን የታሪክ ባለሙያዎች የሆስፒታሉን መዝገብ መርምረው፣ ኩን በዚያ ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት ብዙ ያልተፈቀዱ ቅመሞችን በሺዎች በሚቆጠሩ ሕሙማን ላይ፣ ሕፃናትም ጭምር ባሉበት፣ በአግባቡ ፈቃዳቸውን ሳይጠይቅ ይሞክር እንደነበር አሳወቁ። ዛሬ «ይህን መድኃኒት ልጀምርልሽ፣ ጉዳቱ ይህ ነው፣ ትስማሚያለሽ?» ብለን የምንጠይቀው ለወግ አይደለም።

የኢሚፕራሚን ታናሽ ወንድም አሚትሪፕቲሊን በ1961 ገበያ ላይ ዋለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1977 የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ሲያወጣ ለድባቴ ያስገባው እሱን ነው። ርካሽ ነው፣ ይሠራል፣ በየትም አገር ሊመረት ይችላል። ዛሬም በገጠር ጤና ጣቢያ «የድባቴ መድኃኒት» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚመጣው ያው የስድሳ ዓመት ክኒን ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ።

የኢትዮጵያ የአእምሮ ሕክምና ታሪክ ለረጅም ጊዜ የአንድ ግቢ ታሪክ ነበር። አዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን ተመሠረተ፤ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት በመላ አገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። ከሀዲያ፣ ከከምባታ፣ ከወላይታ አንድ ሰው አእምሮው ሲታወክ ያለው አማራጭ ወይ በቤት መታሰር፣ ወይ የእምነት ቦታ፣ ወይ ያ ግቢ ነበር። ወደዚያ የሚወሰደው ደግሞ በጣም የታወከው፣ ሰው ሊይዘው ያልቻለው ነው። በድባቴ ዝም ብላ ጥግ የተቀመጠችን እናት ማንም አዲስ አበባ ድረስ አይወስድም። «አማኑኤል» የሚለው ስም ራሱ መሳደቢያ ሆነ። «የእብድ መድኃኒት» የሚለው ፍርሃት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ ክኒኑ በራሱ ያመጣው አይደለም፣ ከግቢው የወረሰው ነው።

በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ያስተምር የነበረ ሮበርት ጊል የሚባል የኔዘርላንድ ሐኪም ከባልደረባው ጋር ሆኖ በአንዲት ትንሽ የኢትዮጵያ ከተማ ስላለው የአእምሮ ሕመም በ1969 ጥናት አሳተመ። በዚያ ዘመን ብዙ ፈረንጅ ሐኪሞች ድባቴ በአፍሪካ ብዙም የለም ብለው ያምኑ ነበር። እውነቱ ግን ሕመሙ ነበረ፤ የሚናገርበት ቋንቋ ነው የተለየው። የእኛ ሰው «አዝኛለሁ» ብሎ ጤና ጣቢያ አይመጣም። «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤ ይመታል»፣ «ወገቤን»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብሎ ይመጣል። ሐኪሙም የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቶ ይሸኘዋል።

ለውጥ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። በ1979 ዓ.ም. በአማኑኤል ሆስፒታል የሳይካትሪ ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ፤ ተመራቂዎቹም በየክልሉ ሆስፒታሎች ተመደቡ። የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው ደግሞ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። እስከዚያ ድረስ አገሪቱ የነበሯት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩና ውጭ የተማሩ ነበሩ። አገሪቱን ለሃያ ዓመት ገደማ ተሸክመው የዘለቁት እነዚያ ነርሶች ናቸው፤ ታሪካቸው በደንብ ተጽፎላቸው አያውቅም።

ከሆሳዕና ወደ አዲስ አበባ በወራቤ በኩል የሄደ ሰው ቡታጅራን ያውቃታል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በዚያ አካባቢ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለዩ። አብዛኞቹ አንድም ቀን ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ከዚያ በኋላ፣ ከ2011 ጀምሮ፣ እዚያው ጉራጌ ውስጥ በሶዶ ወረዳ (ወላይታ ሶዶን ማለቴ አይደለም፤ ስማቸው ስለሚመሳሰል ነው) የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ የማውረድ ሥራ ተሞከረ። በኢትዮጵያ፣ በህንድ፣ በኔፓል፣ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ የተሠራ ፕሮጀክት አካል ነበር። ተራ ነርሶችና ጤና መኮንኖች የዓለም ጤና ድርጅትን መመሪያ ተምረው ማከም ጀመሩ። ከባድ ሕመም ያለባቸው መጡ፤ ታከሙ። በድባቴ በኩል ግን ውጤቱ ደካማ ነበር፦ ሕሙማኑ በየቀኑ ጤና ጣቢያ እየመጡ እንኳ ባለሙያው አይለያቸውም ነበር። ስለዚህ እናንተ «ይህ መድኃኒት በዛ» ብትሉኝ፣ በእኛ አካባቢ ከመጠን በላይ ከተሰጣቸው ይልቅ የሚገባቸው ሆኖ ያላገኙት ይበዛሉ እላችኋለሁ። የአውሮፓና የአሜሪካ ክርክር የእኛ ክርክር አይደለም።

ሆኖም እዚያ የታወቀው እኛንም ይመለከተናል። በ1987 መጨረሻ ፍሉኦክሴቲን በአሜሪካ ተፈቀደ። ከአሚትሪፕቲሊን የበለጠ ጠንካራ ሆኖ አልነበረም ዝናው፤ የሚቻል ሆኖ ነው። አፍ አያደርቅም፣ ሆድ አያደርቅም፣ አያንቀላፋም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ሰው በጭንቀት ቅጽበት ብዙ ቢውጥ እንደ አሚትሪፕቲሊን ልብን አይመታም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 በዝርዝሩ አስገባው። የራሱ ችግር ግን አለው፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መቁነጥነጥ፤ ከዚያም ባልና ሚስት ለሐኪም የማይነግሩት፣ የወሲብ ፍላጎት መቀነስ። ብዙ ሰው መድኃኒቱን በዚህ ምክንያት ያቆማል፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም። እባካችሁ ንገሩን። መጠን ይስተካከላል፣ መድኃኒት ይቀየራል።

ወላጆች፣ ይህን ክፍል በጥሞና አንብቡት። በ2004 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን 24 ጥናቶችን፣ ወደ 4,400 ገደማ ልጆችና ወጣቶች የተሳተፉባቸውን፣ አንድ ላይ መረመረ። መድኃኒቱን ከወሰዱት 100 ልጆች ወደ 4 የሚሆኑት፣ ምንም መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 2 ያህሉ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም ሙከራ አሳዩ። በጥናቶቹ ውስጥ ሕይወቱ ያለፈ አልነበረም። ባለሥልጣኑ ግን በጥቁር መስመር የታጠረ ማስጠንቀቂያ በማሸጊያው ላይ እንዲወጣ አዘዘ፤ በ2007 ደግሞ እስከ 24 ዓመት ያሉትንም አካተተ። ይህ ማለት ልጃችሁ ፈጽሞ አይውሰድ ማለት አይደለም። ከ12 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ በጤና ጣቢያ አይጀመርም። ከዚያ በላይ ላለ ታዳጊ ደግሞ በመጀመሪያ የሚታሰበው ፍሉኦክሴቲን ነው፤ እሱም በአእምሮ ሐኪም ምክር፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየሳምንቱ እየታየ። ልጁ ከወትሮው በተለየ ከተቁነጠነጠ፣ ከተቆጣ፣ እንቅልፍ ካጣ ወይም ስለ ሞት ካወራ ቀጠሮውን ሳትጠብቁ ያንኑ ቀን ይዛችሁት ኑ። «ስለ ሞት ብጠይቀው ሐሳቡን አስገባበታለሁ» ብላችሁ አትፍሩ፤ መጠየቅ ሐሳብ አያስገባም።

ታዲያ መድኃኒቱ ይሠራል ወይ? በ2018 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት 522 ጥናቶችን፣ 116,477 አዋቂዎችን ያካተተ ትልቅ ግምገማ ወጣ። የተመረመሩት 21 መድኃኒቶች ሁሉ ከአምሳያ ክኒን የተሻሉ ሆነው ተገኙ፤ በብርታት ከፊት የመጣው ደግሞ አሮጌው አሚትሪፕቲሊን ነበር። ብዙ ሰው በጎንዮሽ ጉዳቱ ያቋርጠዋል እንጂ። ልዩነቱን ግን አናጋን። በተራ ሐኪም ዘንድ በተሠሩ ጥናቶች ሲሰላ፣ ከ7 እስከ 9 ሰዎች ሲታከሙ በመድኃኒቱ ምክንያት ተጨማሪ አንድ ሰው ይሻለዋል። ሌሎቹ አንዳንዶቹ በጊዜና በእንክብካቤ ይሻላቸው ነበር፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ሌላ መድኃኒት ወይም የምክር ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። ተአምር አይደለም፤ ባዶም አይደለም። በ2022 ደግሞ የለንደን ተመራማሪዎች ድባቴ «በአንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን በማነሱ ይመጣል» የሚለው የቆየ አባባል በቂ ማስረጃ እንደሌለው ጻፉ፤ በማኅበራዊ ሚዲያም «መድኃኒቱ ውሸት ነው» ተብሎ ተዛመተ። አያያዙ ስህተት ነው። ሲ ቪው ሆስፒታል ውስጥ ሰዎቹ የሳቁት ማንም ስለ ሴሮቶኒን ከማውራቱ በፊት ነው።

ከዚህ ሁሉ ለሾኔ ሰው የሚጠቅመውን ልናገር።

ሐዘን በራሱ በሽታ አይደለም። በመጋቢት 2020 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን በኮንቴይነር ታፍነው ሞተው ሲገኙ፣ ልጁን ወደ ደቡብ አፍሪካ የሸኘ ሰው ሁሉ በየቤቱ እንዴት እንደነበረ ታውቃላችሁ። ልጇን ያጣች እናት ታለቅሳለች፣ አትበላም፣ አትተኛም። ወዲያው ክኒን አናዝላትም፤ የሚያስፈልጋት የሚያስተዛዝናት ሰው፣ ለቅሶውና ጊዜው ነው። ነገር ግን ወራት አልፈው ከአልጋ መነሳት ካቃታት፣ ጥፋቱ ሁሉ የእኔ ነው ካለች፣ ሞትን ከተመኘች ሚዛኑ ይለወጣል። ቀለል ላለ ድባቴም መጀመሪያ የምንሰጠው መድኃኒት አይደለም፤ ማነጋገር፣ እንቅልፍን ማስተካከል፣ ወደ ሥራና ወደ ሰው መመለስ ነው። መካከለኛና ከባድ ሲሆን፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቆይቶ ሥራና ኑሮን ሲያቆም፣ ያኔ ነው ክኒኑ ከጉዳቱ የሚያመዝነው።

ሲጀመር ደግሞ ትልቁ ፈተና የጊዜው ነገር ነው። ጉዳቱ በመጀመሪያው ቀን ይመጣል፤ ጥቅሙ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይዘገያል፣ አንዳንዴም ከዚያ ይበልጣል። አሚትሪፕቲሊን የጀመረ ሰው ማታ ውጦ ጠዋት አፉ ደርቆ፣ ራሱ ከብዶ ይነሳል፤ ሕመሙም አለቀቀውም። «ይኸው በሽታ ጨመረብኝ» ብሎ በሳምንቱ ቢጥለው አልፈርድበትም፤ የነገረው የለምና። ስለዚህ ልንገራችሁ፦ ከመጀመሪያው ሳምንት ጉዳት አብዛኛው እየቀነሰ ይሄዳል። ውኃ ደጋግሞ መጎንጨት፣ ከአልጋ ቀስ ብሎ መነሳት፣ ለሆድ ድርቀት ጎመንና ፍራፍሬ ማብዛት ይረዳል። ሽንት አልወጣ ካለ፣ ልብ ከዘለለ፣ ራስን ካሳተ ግን አይጠበቅም። አረጋውያንና የልብ ሕመም ያለባቸው አሚትሪፕቲሊንን ባይወስዱ ይመረጣል፤ ስለዚህ አባባ ወይም እማማ የወሰዱት «የእንቅልፍ ክኒን» ምን እንደሆነ ጠይቁ። ይኸው መድኃኒት በአነስተኛ መጠን ለነርቭ ሕመምና ለራስ ምታትም ስለሚታዘዝ፣ ከጎረቤት ተቀብሎ የሚውጥ ሰው አያለሁ። ይህን ተዉ። ከአረቄና ከጠላ ጋርም አይሆንም፤ እንቅልፉን ያከብደዋል።

ከዚህ በፊት ያለ እንቅልፍ ብዙ ቀን የቆየ፣ በጣም የሚያወራ፣ ገንዘብ የሚበትን ጊዜ የነበረው ሰው ደግሞ ይህን ሳይናገር እንዳይጀምር፤ ክኒኑ ያንን ሁኔታ ሊቀሰቅስ ይችላል። እርጉዝ የሆነች ሴትም ሳታማክር አትጀምር፣ ሳታማክርም በድንገት አታቁም።

«ሱስ» ለሚለው ጥያቄ፦ እንደ አልኮል ወይም እንደ ሲጋራ አያስናፍቅም፣ መጠንም ጨምር ጨምር አያሰኝም። በድንገት ሲቆም ግን ማዞር፣ መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት ያመጣል። ሐኪሞች ይህን ለረጅም ጊዜ አቃለው ሲያዩት ቆይተው፣ የብሪታንያ የአእምሮ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2019 በአንዳንድ ሰው ላይ ከባድና ረጅም ሊሆን እንደሚችል በይፋ ተቀብሏል። «ዕድሜ ልክ» ለሚለውም መልሱ ለአብዛኛው ሰው አይደለም ነው፤ ከተሻለው በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል፣ ከዚያ በሳምንታት ቀስ እየተባለ ይቀነሳል።

ቤት ውስጥ ያለው ክኒን የሚቀመጥበትን ቦታ ዛሬውኑ አስቡበት። አሚትሪፕቲሊን ሕፃን ከረሜላ መስሎት ቢበላው ወይም ተስፋ የቆረጠ ሰው በአንዴ ቢውጠው ልብን ያቆማል። ሞት ሞት ለሚለው ሕመምተኛ የወር መድኃኒት በእጁ አይሰጥም፤ የሳምንቱን ብቻ ከፍሎ የሚሰጠው፣ ቀሪውን ቆልፎ የሚይዝ ሰው ይኑር። የሆነ ነገር ከተዋጠ ደግሞ «እስኪ እንየው» ሳትሉ፣ ቢያንቀላፋም ባያንቀላፋም፣ ማሸጊያውን ይዛችሁ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ሩጡ።

በመጨረሻ ለባደዋቾና ለአካባቢው ቆላ ሰው፦ የወባ ወቅት ሲመጣ ኮአርተም ወይም ክሎሮኪን ሲታዘዝላችሁ የድባቴ መድኃኒት እየወሰዳችሁ መሆኑን ለባለሙያው ንገሩ። በተለይ ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሲገናኙ የልብ ምትን ሊያዛቡ ይችላሉ። የቲቢ መድኃኒት የጀመረም እንዲሁ ይናገር፤ ሪፋምፒሲን የአሚትሪፕቲሊንን መጠን በደም ውስጥ ይቀንሰዋል። ስሙን ካላስታወሳችሁት ባዶውን ማሸጊያ ይዛችሁ ኑ፤ ይበቃናል።